በብራውዘርዎ ላይ ቅጥያ ወይም ዩዘር ስክሪፕት ተጭኖ እንደሆነ እንዴት ያውቃሉ?

አክስቴ በአንድ ችግር ምክንያት ኮምፒውተሯን ሁለት ጊዜ አስጠግናለች። በክሮም አንድ ነገር በፈለገች ቁጥር ውጤቱ ከለመደችው ገጽ ሳይሆን ስሙን ሰምታው ከማታውቀው ድረ ገጽ ይመጣል፤ መሀል መሀሉም በማስታወቂያ የተሞላ ነው። ጠጋኙ «ቫይረስ ነው» ብሎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነላት። ገንዘቧን ከፍላ ቤቷ ተመለሰች፣ እንደ ልማዷ በጉግል አካውንቷ ክሮም ውስጥ ገባች፤ ገና ሳይመሽ ያው ገጽ ተመልሶ መጣ። በሁለተኛውም ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ዊንዶውሱ ከመጀመሪያውም ጤነኛ ነበር። ችግሩ የነበረው ክሮም ላይ በተጫነ አንድ ቅጥያ ላይ ነው፤ አካውንቷ ደግሞ ያንን ቅጥያ መዝግቦ ስለያዘው በገባች ቁጥር መልሶ ይጭንላታል።

ያን ዕለት ዝርዝሩን የት እንደሚከፍት የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሥራው የአምስት ደቂቃ ነበር። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላ ሰው ለዚህ ዓይነት ጥገና ዳግመኛ እንዳይከፍል ነው።

ምን እንደምንፈልግ እንለይ

ቅጥያ፣ በተለምዶ ኤክስቴንሽን የምንለው፣ በብራውዘር ላይ ተደርቦ የሚሠራ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። ማስታወቂያ የሚከላከለው፣ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጠው፣ ገጽ የሚተረጉመው፣ ብዙዎቻችን አማርኛ ለመጻፍ የምንጠቀምበት የጉግል ኢንፑት ቱልስ ሁሉ ቅጥያ ናቸው። ዩዘር ስክሪፕት ግን ራሱን ችሎ አይቆምም። አንድ ድረ ገጽ ሲከፈት በገጹ ላይ የሚሠራ የጃቫስክሪፕት ኮድ ሲሆን የሚያስተዳድረው ቅጥያ ያስፈልገዋል። አሮን ቡድማን እ.ኤ.አ. በ2005 ለፋየርፎክስ ያወጣው ግሪስመንኪ የዚህ ዓይነት አስተዳዳሪ ነው፤ በኋላ የመጡት ታምፐርመንኪና ቫዮለንትመንኪም እንዲሁ።

ልዩነቱ ለፍተሻው ወሳኝ ነው። በብራውዘሩ የቅጥያዎች ዝርዝር ላይ የሚታየው አስተዳዳሪው ብቻ ነው። በውስጡ አንድ ስክሪፕት ይኑር ወይም ሃምሳ፣ ዝርዝሩ አይናገርም። ስለዚህ ፍተሻው ሁለት ፎቅ አለው፤ ብዙ ሰው ምድር ቤቱን አይቶ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

ደረጃ 1፦ ሙሉውን ዝርዝር ይክፈቱ

በክሮም ከአድራሻ መስመሩ ጎን ተደርድረው የሚያዩአቸው ምልክቶች ባለቤቱ እንዲታዩ የፈቀደላቸው ብቻ ናቸው። ምልክት አለመኖሩ ቅጥያ አለመኖሩን አያሳይም። እዚያው አጠገብ ያለውን፣ የተገጣጣሚ ሥዕል ቁራጭ የሚመስለውን ምልክት ቢጫኑ ተጨማሪ ስሞች ይወጣሉ፤ እርሱም ቢሆን እንዳይሠሩ የተደረጉትን አያሳይም። ሙሉው ዝርዝር ያለው ሌላ ቦታ ነው።

በክሮም ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ይጫኑ፣ «ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ይምረጡ፣ ከዚያም «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ» ውስጥ ይግቡ። ክሮምዎ በአማርኛ ከሆነ «ቅጥያዎች» የሚለውን ይፈልጉ። በኤጅም መንገዱ ተመሳሳይ ነው። በፋየርፎክስ ሦስቱን አግድም መስመሮች ተጭነው «አድ-ኦንስ ኤንድ ቲምስ» ወይም «ኤክስቴንሽንስ ኤንድ ቲምስ» ውስጥ ይገባሉ። በማክ ላይ ሳፋሪን የሚጠቀሙ ከሆነ በቅንብሮቹ ውስጥ «ኤክስቴንሽንስ» የሚል ክፍል አለ።

እዚህ ላይ በቀላሉ የሚረሳው ፕሮፋይል ነው። አንድ ክሮም ላይ የባልም የሚስትም፣ የቢሮም የግልም ፕሮፋይል ሊኖር ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ የቅጥያ ዝርዝር አለው። የእርስዎን ፈትሸው የልጅዎን ካልፈተሹ ሥራው ግማሽ ነው። ከላይ የሚታየውን ክብ ምስል እየተጫኑ በየፕሮፋይሉ ይዙሩ።

ስለ ስልክ በአጭሩ፦ በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው የተለመደው ክሮም ቅጥያ አይቀበልም። የአንድሮይድ ፋየርፎክስ ግን ይቀበላል። በአይፎንም ሳፋሪ ከአይኦኤስ 15 ጀምሮ ቅጥያ ስለሚያስተናግድ ሁለቱን መፈተሽ ይገባል።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን ቅጥያ ያንብቡ

ስሙን አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ ስም ማንም ያወጣል። በእያንዳንዱ ቅጥያ ሥር «ዲቴይልስ» የሚለውን ይጫኑና ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

የመጀመሪያው ምንጩ ነው። ከክሮም ዌብ ስቶር የመጣ ከሆነ እዚያው ተጽፎ ያገኙታል። ከመደብሩ ውጭ ከፎልደር በቀጥታ የተጫነ ቅጥያ ግን የሚገባው «ዴቨሎፐር ሞድ» ሲከፈት ነው። እርስዎ ፕሮግራም የማይሠሩ ከሆነ፣ በገጹ ራስጌ ላይ ያለው ይህ ቁልፍ ተከፍቶ ማግኘትዎ አንድ ሰው እጁን እንዳስገባ ሊጠቁም ይችላል።

ሁለተኛው ፈቃዱ ነው። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃዎን ማንበብና መለወጥ» የሚል ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ካገኙ ቆም ብለው ያስቡ። ይህ ፈቃድ ያለው ቅጥያ ኢሜይልዎን ሲያነቡ፣ የባንክ ሒሳብዎን ሲከፍቱ፣ የይለፍ ቃል ሲጽፉ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ ማየት ይችላል። ይህ ማለት ግን ፈቃዱን የያዘ ሁሉ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ማስታወቂያ የሚከላከል ቅጥያ በየገጹ ካልገባ ሥራውን አይሠራም፤ የሚተረጉመውም ጽሑፉን ካላነበበ አይተረጉምም። ጥያቄው ሥራውና ፈቃዱ ይመጣጠናሉ ወይ የሚለው ነው። የአየር ሁኔታ የሚያሳይ ቅጥያ የባንክ ገጽዎን የሚያነብበት ምክንያት የለውም።

ሦስተኛው «ሳይት አክሰስ» የሚለው ነው። ቅጥያው በሁሉም ገጽ፣ በተመረጡ ገጾች ወይም ሲጫኑት ብቻ እንዲሠራ የሚወስኑት እዚህ ነው። የሚጠራጠሩትን ግን ለጊዜው የሚያስፈልግዎትን ቅጥያ «ሲጫኑት ብቻ» በሚለው ይገድቡት።

ደረጃ 3፦ አልጠፋ የሚል ቅጥያ ካጋጠመዎት

አንዳንዱ ቅጥያ «ሪሙቭ» የሚል ቁልፍ የለውም፤ በምትኩ በአስተዳዳሪ የተጫነ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይዟል። የሦስቱ ነጥቦች ዝርዝር መጨረሻ ላይም ብራውዘሩ በድርጅትዎ እንደሚተዳደር የሚናገር መስመር ይታያል። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይህ የተለመደ ነው። የአይቲ ክፍሉ የፈለገውን ቅጥያ በሁሉም ማሽን ላይ በግዴታ ይጭናል፤ ጥያቄ ካለዎት ለእነርሱ ያቅርቡ።

በገዛ ላፕቶፕዎ ላይ፣ ምንም ድርጅት በሌለበት፣ ይህን መስመር ካገኙ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በአድራሻ መስመሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ክሮም» ብለው፣ ኮለንና ሁለት ሰያፍ መስመር አስከትለው «ፖሊሲ» ብለው ይጻፉና ኢንተርን ይጫኑ። በብራውዘሩ ላይ የተጣሉ መመሪያዎች ዝርዝር ይከፈታል። ቅጥያ በግዴታ እንዲጫን የሚያዝዝ መስመር ካለ፣ ከጎኑ ሠላሳ ሁለት ፊደል ያለው መለያ ያገኛሉ። ይህ መለያ በክሮም የእያንዳንዱ ቅጥያ ቋሚ ስም ነው። በቅጥያዎች ገጽ ላይ ዴቨሎፐር ሞድን ለጊዜው ከፍተው ካዩት መለያ ጋር ያስተያዩት፤ የትኛው ቅጥያ እንደሆነ ያውቃሉ። መመሪያውን የዊንዶውስ ቅንብሮች በሚቀመጡበት መዝገብ (ሬጅስትሪ) ውስጥ ያስገባው አብሮ የተጫነ ሌላ ፕሮግራም ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ ያንን ፕሮግራም ፈልጎ ማስወገድ ያስፈልጋል። ቅጥያውን ብቻ ማሳደድ ልፋት ነው፤ ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ተመልሶ ይመጣል።

ደረጃ 4፦ ሁለተኛውን ፎቅ ይፈትሹ

በዝርዝሩ ውስጥ ታምፐርመንኪን፣ ቫዮለንትመንኪን ወይም ግሪስመንኪን ካገኙ ወደ ውስጥ ይግቡ። በታምፐርመንኪና በቫዮለንትመንኪ ምልክቱን ተጭነው «ዳሽቦርድ» የሚለውን ሲከፍቱ የስክሪፕቶቹ ዝርዝር ይወጣል፤ በግሪስመንኪ ምልክቱን ሲጫኑ ዝርዝሩን ያገኙታል። ታምፐርመንኪ አሁን በከፈቱት ገጽ ላይ ስንት ስክሪፕት እየሠራ እንደሆነ በምልክቱ ላይ በቁጥር ያሳያል። የባንክ ገጽ ከፍተው «1» የሚል ቁጥር ካዩ ስክሪፕቱን ሳያጣሩ የይለፍ ቃል አይጻፉ።

እያንዳንዱን ስክሪፕት ከፍተው ራስጌውን ያንብቡ። ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም፤ ራስጌው የመታወቂያ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ሰያፍ መስመርና በኢሜይል አድራሻ ላይ በምናውቀው ክብ ምልክት ይጀምራል። «ኔም» የሚለው የስክሪፕቱ ስም ነው። «ማች» ወይም «ኢንክሉድ» የሚሉት በየትኞቹ ድረ ገጾች ላይ እንደሚሠራ ይናገራሉ፤ በድረ ገጹ ስም ቦታ የኮከብ ምልክት ብቻ ያለበት መስመር በሁሉም ቦታ የሚገባ መሆኑን ያሳያል። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ግን «ሪኳየር» የሚለውን ነው፤ ስክሪፕቱ ከሌላ አድራሻ ተጨማሪ ኮድ እንደሚያመጣ የሚገልጽ መስመር ነው። የስክሪፕቱ አካል አሥር መስመር ብቻ ሆኖ ዋናው ሥራ ከውጭ በመጣው ኮድ ሊከናወን ይችላል።

ሌላም ምልክት አለ። ክሮም ከ138ኛው እትም ጀምሮ፣ አንድ አስተዳዳሪ ስክሪፕት እንዲያሠራ በዲቴይልስ ገጹ ላይ «አላው ዩዘር ስክሪፕትስ» የሚል ቁልፍ መከፈት አለበት። አዲስ ለሚጫን አስተዳዳሪ በራሱ አይከፈትም፤ ቀድሞ ተጭኖ ለነበረ ግን ዴቨሎፐር ሞድ ክፍት ከነበረ ክሮም ራሱ ከፍቶት ሊሆን ይችላል። ከዚህ ውጭ፣ እርስዎ ሳይከፍቱት ተከፍቶ ካገኙት ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው ነክቶት ሊሆን ይችላል።

ዕልባቶችዎንም ዓይተው ይለፉ። አድራሻው በድረ ገጽ ስም ሳይሆን «ጃቫስክሪፕት» በሚል ቃል የሚጀምር ዕልባት ካለ፣ ሲጫኑት በገጹ ላይ ኮድ የሚያሠራ ነው።

ደረጃ 5፦ በማስወገድ ይለዩ

ዝርዝሩን አይተው ጥፋተኛውን ካልለዩ ወደ ሙከራ ይሂዱ። ኢንኮግኒቶ መስኮት ይክፈቱና ችግሩ ያለበትን ገጽ እዚያ ይሞክሩት። ቅጥያዎች ልዩ ፈቃድ ካልተሰጣቸው በዚህ መስኮት አይሠሩም። ችግሩ ከጠፋ ጥርጣሬዎ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ኢንኮግኒቶ የቆዩ ኩኪዎችን (ድረ ገጾች በብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጧቸውን ትንንሽ መረጃዎች) ስለማይጠቀም ልዩነቱ ከዚያም ሊመጣ ይችላል። ፋየርፎክስ የተሻለ መንገድ አለው፦ በ«ሄልፕ» ሥር «ትራብልሹት ሞድ» የሚለው ቅጥያዎችን ሁሉ አጥፍቶ ይከፍትልዎታል።

ቅጥያዎቹ ብዙ ከሆኑ አንድ በአንድ አይሞክሩ። ግማሹን ያጥፉ፣ ገጹን እንደገና ይጫኑ፣ ይመልከቱ። ችግሩ ከቀጠለ ጥፋተኛው ካልጠፉት መካከል ነው፤ ከቆመ ከጠፉት። ከዚያ ያንን ግማሽ እንደገና ለሁለት ይክፈሉ። 16 ቅጥያ ቢኖርዎት በአራት ሙከራ አንዱ ጋ ይደርሳሉ። ገጹን እንደገና መጫንን አይርሱ፤ ቅጥያው ቀድሞ በተከፈተ ገጽ ላይ ያስገባው ነገር ቅጥያው ከጠፋም በኋላ እዚያው ይቆያል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ጥፋተኛውን በእጁ ይዞ ይለቀዋል።

ደረጃ 6፦ በሥራ ላይ እያለ ይያዙት

በዊንዶውስ ላይ ክሮም ተከፍቶ ሳለ ሺፍትንና ኢስኬፕን አብረው ይጫኑ። ይህ የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር ነው፤ እየሠሩ ያሉ ቅጥያዎችን በስማቸው ከሚወስዱት የማስታወሻ መጠን ጋር ያሳያል። በአዲሱ አሠራር ግን ሥራ የሌለው ቅጥያ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስለሚተኛ እዚህ አለመታየቱ ነጻ አያወጣውም።

ከዚህ ይልቅ የምወደው የሚከተለውን ነው። የሚጠራጠሩትን ገጽ ይክፈቱና ኤፍ12ን ይጫኑ። በሚወጣው ሰሌዳ ላይ «ሶርስስ» የሚለውን፣ በእርሱ ውስጥ ደግሞ «ኮንቴንት ስክሪፕትስ» የሚለውን ይምረጡ፤ ካልታየዎት ከጎኑ ያሉትን ድርብ ቀስቶች ይጫኑ። እዚያ የሚያገኙት በዚህ ገጽ ላይ ኮድ ያስገቡ ቅጥያዎችን ዝርዝር ነው። «ሊገባ ይችላል» ከሚለው ፈቃድ አልፎ «ገብቷል» የሚለውን የሚያሳይዎት ይህ ቦታ ነው። የኢሜይልዎንና የባንክዎን ገጾች በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ ይፈትሿቸው።

በኢንተርኔት ካፌ ወይም በሰው ኮምፒውተር የሚጠቀሙ ከሆነ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ የለዎትም። በፕሮፋይል ምስሉ በኩል የ«ጌስት» መስኮት ይክፈቱ፤ በባለቤቱ ፕሮፋይል ላይ የተጫኑት ቅጥያዎች እዚያ አይከተሉዎትም። በማሽኑ በራሱ ላይ ከተጫነ፣ የሚጽፉትን ሁሉ ከሚመዘግብ ፕሮግራም ግን አያድንዎትም።

ድረ ገጾችስ ቅጥያዎን ያውቃሉ?

ብራውዘር የቅጥያ ዝርዝርዎን ለድረ ገጽ አሳልፎ አይሰጥም። ድረ ገጾች ግን በእግር ዱካ ያውቃሉ። በክሮም የቅጥያው መለያ በሁሉም ሰው ኮምፒውተር ላይ አንድ ስለሆነ፣ ገጹ ከዚያ ቅጥያ ውስጥ ለውጭ ክፍት የሆነ አንድ ሥዕል እንዲመጣለት ይጠይቃል፤ ሥዕሉ ከመጣ ቅጥያው አለ። ፋየርፎክስ በየጭነቱ የተለየ የዘፈቀደ መለያ ስለሚሰጥ ይህ መንገድ አይሠራበትም። ማስታወቂያ ተከላካይን ለማወቅ ደግሞ ማስታወቂያ የሚመስል ባዶ ሳጥን ገጹ ላይ አስቀምጠው ጠፍቶ እንደሆነ ያያሉ።

ድረ ገጽ የሚሠሩና የራሳችሁን ቅጥያ ወይም ስክሪፕት መጫኑን ማወቅ የምትፈልጉ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ። ብዙዎች በቅጥያው ኮድ ውስጥ አንድ ተለዋዋጭ ሰይመው ከገጹ ሊያነቡት ይሞክራሉ፤ አያገኙትም። የቅጥያው ኮድ የሚሠራው ከገጹ በተለየ ክልል ነው፤ የሚጋሩት የገጹን አካል ብቻ ነው። ስለዚህ ቅጥያው በገጹ ዋና ኤለመንት ላይ አንድ አትሪቢዩት ይለጥፍ፤ ገጹም ያንን ያንብብ። ዩዘር ስክሪፕት ከሆነ ራስጌው ላይ «ግራንት» የሚለው «ነን» ሲሆን በአብዛኛው በገጹ ክልል ይሠራል፤ አለዚያ ያው ግድግዳ አለ። የጊዜውም ነገር አለ፦ የቅጥያ ኮድ ካልታዘዘ በቀር የሚነሳው ገጹ ተገንብቶ ሲያልቅ ገደማ ስለሆነ፣ ገጹ ቀድሞ ቢጠይቅ «የለም» የሚል የተሳሳተ መልስ ያገኛል። ገጹ «አለህ ወይ?» የሚል መልእክት ይላክ፣ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ይጠብቅ፣ ዘግይቶ የሚመጣ መልስም ይቀበል። አትሪቢዩቱን በራሳችሁ ድረ ገጽ ብቻ እንዲለጠፍ ገድቡት፤ አለበለዚያ ተጠቃሚዎቻችሁን ለሌላ ድረ ገጽ ሁሉ ታጋልጣላችሁ።

ደረጃ 7፦ ከመዝገቡም ያስወግዱት

ታማኝ የነበረ ቅጥያ ባለቤት ሊለውጥ ይችላል። ግሬት ሰስፔንደር የተባለው፣ ብዙ ታብ ለሚከፍቱ ሰዎች የተሠራ ታዋቂ ቅጥያ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሌላ ወገን ተላለፈ፤ በየካቲት 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከመደብሩ አወጣው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የመረጃ ደኅንነት ኩባንያ የሆነው ሳይበርሄቨን አንድ ሠራተኛው በአስመሳይ ኢሜይል ተታልሎ፣ አጥቂዎች በቅጥያው ስም የተበከለ እትም ለመልቀቅ ችለው ነበር። ከሁለቱ አንዱን የጫኑ ሰዎች ምንም አዲስ ነገር አልጫኑም፤ ማሻሻያው በራሱ ነው የገባው። ስለዚህ የዛሬውን ዝርዝር ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡና በየጥቂት ወሩ ያስተያዩት።

መጥፎ ቅጥያ ሲያገኙ በአካውንትዎ ገብተው፣ ሲንክ (ክሮምን ከአካውንቱ መዝገብ ጋር የሚያመሳስለው አሠራር) እንደተከፈተ፣ ከቅጥያዎች ገጽ ላይ «ሪሙቭ» ይበሉት። ያን ጊዜ ከአካውንቱ መዝገብም ይወጣል። ከዚያም በቅንብሮች ውስጥ የፍለጋ ሞተሩን ወደ ቦታው ይመልሱ። የይለፍ ቃልዎን አይቶ ይሆናል ብለው ካሰቡ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ ላይ ይለውጡት፤ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ የተከፈተውን አካውንትም ይዝጉ። የይለፍ ቃል ሳይኖረው በተከፈተ አካውንት ብቻ የሚገባ ሌባ አለና።

የአክስቴ ቅጥያ አንድ ሰነድ ወደ ፒዲኤፍ ለመለወጥ ብላ አንድ ቀን ብቻ የተጠቀመችበት ነበር። በደረጃ 2 ላይ ስንደርስ በሁሉም ድረ ገጾች ላይ የማንበብና የመለወጥ ፈቃድ ይዞ አገኘነው። «ሪሙቭ» የሚለውን ራሷ እንድትጫን አደረግኋት። ከዚያ ከአካውንቷ ወጥታ ክሮምን ዘጋች፣ መልሳ ገባች፣ የምትፈልገውን ጻፈች። ውጤቱ ከለመደችው ገጽ መጣ።